እንደ ስንዴ ፍሬ የሚታየው ቅሪተ አካል፦ ትሪቲሳይትስን ከዘመዶቹ ለይቶ የመመደብ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ በነብራስካና በካንሳስ ግዛቶች አንዳንድ የኖራ ድንጋይ ንጣፎች እህል የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ፍሬዎቹ መሃላቸው ያበጠ፣ ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ፣ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ዝናብ ድንጋዩን ሲሸረሽረው ተፈልቅቀው ይወጡና መሬት ላይ ይቀራሉ፤ በእፍኝ መታፈስ ይችላሉ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቶማስ ሴይ በ1823 ከእነዚህ አንዱን ሲሰይም «ሚሊዮላይትስ ሴካሊከስ» አለው፤ «ሴካሌ» በላቲን የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል ስም ነው። ጆርጅ ገርቲ ደግሞ በ1904 ለዚሁ ዝርያ አዲስ ወገን ሲያቆምለት፣ ስንዴ በላቲን «ትሪቲከም» ይባላልና «ትሪቲሳይትስ» ብሎ ጠራው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የወጣው ከውጭ መልኩ ነው። ወገኑን መለየት ግን ከውጭ መልኩ አይቻልም። እንደ ስንዴ ፍሬ የሚታዩ፣ በመቶ ሚሊዮን ዓመታት የሚራራቁ፣ አንዳንዶቹም ምንም የቅርብ ዝምድና የሌላቸው ቅሪተ አካላት ሞልተዋል። መልሱ ያለው ውስጣቸው ነው፤ እሱም በአንድ ምልክት ሳይሆን ፍጡሩ ከተወለደባት ክፍል እስከ መጨረሻው ዙር ባለው የእድገት ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ይህ መመሪያ ያንን ታሪክ ለማንበብ የሚያስፈልገውን ሥራ ከድንጋዩ አንስቶ እስከ ስሙ ድረስ ይከተላል። ትሪቲሳይትስን ምሳሌ አደረግሁት እንጂ መንገዱ ትሪቲሳይትስ ለሚገኝበት ለጠፋው የባሕር ፍጡራን ቡድን፣ ለሌሎቹ ፉሱሊኒዶችም ያገለግላል።

በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው?

ፎራሚኒፌራ ዛጎል የሚሠሩ ባለ አንድ ህዋስ ፍጡራን ናቸው። አልሲድ ዶርቢኚ በ1826 ስማቸውን ሲያወጣ የመሰሉት ባለ ጥምጥም ዛጎል የባሕር እንስሳ የሆነው የናውቲለስ ጥቃቅን ዘመዶች ነበሩ፤ ዛጎላቸው በክፍሎች ተከፍሎ ስለሚጠመጠም ግምቱ የሚያስገርም አልነበረም። ፌሊክስ ዱዣርዳን በ1835 ሕያዋኑን ተመልክቶ በዛጎሉ ውስጥ ያለው የተደራጀ እንስሳ ሳይሆን ዝልግልግ የሆነ ቀላል ሕያው አካል መሆኑን አሳየ።

ፉሱሊኒዶች ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የጠፉ ናቸው። በካርቦኒፈረስና በፐርሚያን ዘመናት ጥልቀት በሌላቸው ሞቃታማ ባሕሮች ወለል ላይ ኖሩ፤ የመጨረሻዎቹም ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፐርሚያን በተዘጋበት ታላቅ እልቂት አለቁ። ስማቸው «ፉሰስ» ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ነው፤ ትርጉሙ እንዝርት ነው። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አይገኝም። በመሃል አንዲት ትንሽ ክብ ክፍል አለች፤ ፕሮሎኩለስ ትባላለች። ከእሷ በኋላ ፍጡሩ አዳዲስ ክፍሎችን እየጨመረ፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል በአንድ ረጅም ዘንግ ዙሪያ ይጠመጠማል። እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሸፍነው፣ ከውጭ የሚታየው የመጨረሻው ዙር ብቻ ነው። የልጅነቱ ሁሉ ከሥር ተቀብሯል።

ደረጃ 1፦ ናሙናውን ከነአድራሻው መሰብሰብ

የት እንደተገኘ ያልተጻፈለት ቅሪተ አካል ለምደባ እምብዛም አይጠቅምም። ቦታውን፣ የድንጋይ ንጣፉን፣ ከንጣፉ ሥርና አናት በስንት ሴንቲሜትር እንደተገኘ እዚያው በቦታው ጻፉ። የሁለት ንጣፎችን ፍሬዎች በአንድ ከረጢት አታድርጉ። ፉሱሊኒዶች በፍጥነት ስለተለወጡ አንድ ሜትር ልዩነት ሌላ ዝርያ፣ አንዳንዴም ሌላ ወገን ሊያመጣ ይችላል።

ተፈልቅቀው የወደቁትንም፣ ድንጋዩ ውስጥ ያሉትንም ውሰዱ። የተፈለቀቁት በፈለጋችሁት አቅጣጫ ሊቆረጡ ስለሚችሉ ለሥራ ይመቻሉ፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደመጡ በእርግጠኝነት የሚመሰክሩት ግን ድንጋዩ ውስጥ የቀሩት ናቸው። ከአንድ ንጣፍ ጥቂት ደርዘን ፍሬ ቢኖራችሁ መልካም ነው፤ ከፊሉ በመሞረድ ላይ ይበላሻል፣ ከፊሉ ውስጡ የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። ፍሬዎቹ ጠርዛቸው የተፋቀ፣ ቀለማቸውም ከአካባቢው ድንጋይ የተለየ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ከጥንቱ ንጣፍ ታጥበው ወደ አዲሱ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ የያዟቸው ድንጋይ ዕድሜ የእነሱ ዕድሜ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ፉሱሊኒድ መሆኑን ማረጋገጥ

አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ተመልከቱ። በፉሱሊኒድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ ክፍሎቹ የተጋጠሙባቸው ስፌቶች ናቸው። ፍሬውን መሃል ለመሃል ከሰበራችሁት የጥምጥሙ ዙሮች ይታያሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሌለው ሞላላ ድንጋይ በባሕር ወለል የተንከባለለ የኖራ ቅንጣት ሊሆን ይችላል።

እውነተኛው አሳሳች ግን ሌላ ነው። አልቪዮሊኒድ የሚባሉት ፎራሚኒፌራዎችም እንዝርት መሰል ናቸው፤ እነሱም በረጅም ዘንግ ዙሪያ ይጠመጠማሉ። ከፉሱሊኒዶች ጋር ግን የሚያመሳስላቸው የአኗኗር ዘይቤ እንጂ የዘር ሐረግ አይደለም፤ በምድር ላይ የታዩትም ፉሱሊኒዶች ከጠፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ በክሪቴሸስ ዘመን ነው። የጥንት ተመራማሪዎች በዚህ ተሳስተዋል። ክርስቲያን ኤረንበርግ በ1842 አንድ ፉሱሊኒድ ሲሰይም «ቦሬሊስ ፕሪንሴፕስ» ያለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቦሬሊስ ዛሬም ድረስ በባሕር የሚኖር የአልቪዮሊኒድ ወገን ነው። ይህን «ፕሪንሴፕስ» አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መለያው የግድግዳው ባሕርይ ነው። የአልቪዮሊኒድ ግድግዳ እንደ ሸክላ ሳህን ለስላሳና የታመቀ ሲሆን፣ ብርሃን ከሥር ሲያልፍበት ወደ ቡናማ ይወስደዋል። የፉሱሊኒድ ግድግዳ ከደቃቅ የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ቅንጣቶች የተሠራና በንብርብር የተደራጀ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ መቁረጥ ግድ ነው።

ደረጃ 3፦ መቁረጥና መሞረድ

የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይኸው ነው። ለምደባ የሚያገለግሉት ቁራጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዘንጉ ርዝመት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በፕሮሎኩለስ መሃል የሚያልፍ ነው፤ የዘንግ ቁራጭ እንበለው። ሁለተኛው ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ፍሬውን ወገቡ ላይ የሚቆርጥና እሱም በፕሮሎኩለስ የሚያልፍ ነው፤ የወገብ ቁራጭ እንበለው። ሁለቱንም ከአንድ ፍሬ ማውጣት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ከአንድ ንጣፍ ብዙ ፍሬ የሚያስፈልገው።

ለተፈለቀቀ ፍሬ አሠራሩ እንዲህ ነው። የዘንጉን አቅጣጫ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ፍሬውን በሚሞቅ ሙጫ በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ አጣብቁት፤ ሙጫው እንደገና ሲሞቅ የሚለቅ መሆን አለበት። በወፍራም መስታወት ላይ ውኃና የሲሊኮን ካርባይድ ዱቄት አድርጉና ፍሬውን በክብ እንቅስቃሴ ሞርዱት። በ400 ቁጥር ጀምሩ፤ ወደ መሃል ስትቃረቡ ወደ 600፣ ለመጨረሻው ማለስለስ ወደ 1000 እለፉ። ቁጥር በቀየራችሁ ጊዜ ሁሉ ፍሬውንም እጃችሁንም በደንብ እጠቡ፤ ወደ ለስላሳው ዱቄት የገባች አንዲት ሻካራ ቅንጣት የሰዓታትን ሥራ ትጭራለች።

አሁን ዋናው ነገር መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። ገጹን አጥባችሁ የውኃ ጠብታ አድርጉበትና በማጉያ እዩት። ፕሮሎኩለስ መጀመሪያ ስትገለጥ ትንሽ ነጥብ ናት፤ ስትሞርዱ ክቧ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሙሉ ስፋቷ ላይ ትደርስና ከዚያ ተመልሳ መጥበብ ትጀምራለች። መቆም ያለባችሁ ስፋቷ ሙሉ በሆነበት ቅጽበት ነው። ከዚያ ካለፋችሁ ፍሬው ለዚህ ሥራ አይመለስም። ስለዚህ ነጥቧ ከታየች በኋላ በእያንዳንዱ አምስትና ስድስት ዙር እያቆማችሁ እዩ። ብዙ ጥሩ ፍሬዎች የሚበላሹት «አንድ ዙር ልጨምር» በሚል ችኮላ እንደሆነ ከራሴ ሥራ አውቃለሁ።

ገጹ ሲለሰልስ ሙጫውን አሙቃችሁ ፍሬውን አላቁ፤ በለሰለሰው ገጽ በኩል በአዲስ መስታወት ላይ ብርሃን በሚያሳልፍ ኢፖክሲ ሙጫ አጣብቁት፤ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ከዚያ ከኋላው በኩል ቁራጩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሞርዱት። የድንጋይ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት መደበኛ ውፍረት 30 ማይክሮሜትር ነው። ለፉሱሊኒድ ግን በቁጥሩ አትመሩ፤ የግድግዳው ንብርብር ጥርት ብሎ ሲታይ አቁሙ። በጣም ከሳሳ ደቃቁ የግድግዳ አሠራር ይጠፋል፤ ከወፈረ ደግሞ የተደራረቡ ክፍሎች ጥላ እየሆኑ ያምታታሉ። ዱቄቱ ደርቆ እንዳይቦንን ሁልጊዜ በውኃ ሥሩ፤ በደረቅ ስትቆርጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ኢፖክሲ በባዶ እጅ አይነካም።

ፍሬው ከድንጋዩ የማይለይ ከሆነ ድንጋዩን ራሱን በአልማዝ መጋዝ በትይዩ ሰንጥቁት። ከተገኙት ገጾች አብዛኞቹ ፍሬዎቹን በሰያፍ የቆረጡ ይሆናሉ። እነሱን ተዉአቸው። በሰያፍ የተቆረጠ ግድግዳ ከእውነተኛው ውፍረቱ በላይ ወፍሮ ይታያል፤ ከመሃል ወጣ ብሎ የተቆረጠ ፍሬ ደግሞ ሽብሽባቸው ከትክክለኛው የበዛ ከፋይ ግድግዳዎች ያሳያል። በሰያፍ ቁራጭ ላይ ቆመው የተሰየሙ ዝርያዎች ለተከታዮቻቸው ብዙ ጣጣ ትተዋል።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን ማንበብ

የዘንግ ቁራጩን በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉና መጀመሪያ የጥምጥሙን ውጫዊ ግድግዳ እዩ፤ ለጊዜው ቅርጹን እርሱት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ግድግዳው ከምን ከምን ንብርብር ተሠርቷል?

ከውጭ በኩል ቀጭን፣ ጠቆር ያለ መስመር አለ፤ ቴክተም ይባላል፤ በላቲን ጣሪያ ማለት ነው። ከቴክተም በታች ያለው ነገር ነው ቤተሰቦችን የሚለያየው።

አንደኛው ዓይነት እንደ ፉሱሊኔላ ባሉት ወገኖች ውስጥ ይገኛል። ከቴክተም በታች ዲያፋኖቴካ የሚባል ነጣ ያለና ብርሃን አሳላፊ ንብርብር አለ፤ ከእነዚህ ከላይና ከታች ደግሞ ጠቆር ያሉ ሁለት ተጨማሪ ሽፋኖች ይለበዳሉ። ጠቅላላው አራት ንብርብር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ትሪቲሳይትስንና ሽቫገሪና የተባለውን ዘመዱን የያዘው ነው። ከቴክተም በታች ወፈር ያለ፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ንብርብር አለ። ኬሪዮቴካ ይባላል፤ ቃሉ በግሪክኛ የማር እንጀራን ያስታውሳል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ቱቦዎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው ይታያሉ፤ ግድግዳውን ጨርፎ ያለፈ ቁራጭ ካገኛችሁ ደግሞ የቱቦዎቹን አፍ እንደ እውነተኛ የማር እንጀራ ታያላችሁ። ብዙ ተመራማሪዎች በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ ብርሃን የሚመገቡ ጥቃቅን አልጌዎች ከባለቤቱ ጋር ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር ብለው ያስባሉ፤ ዛሬ በሞቃት ባሕር የሚኖሩ ትልልቅ ፎራሚኒፌራዎችም እንዲህ ያደርጋሉና።

ኬሪዮቴካን የውስጠኞቹን ዙሮች አይታችሁ አትካዱት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግድግዳው በጣም ቀጭን ስለሆነ ቱቦዎቹ ላይታዩ ይችላሉ፤ ጎልተው የሚወጡት በውጨኞቹ ዙሮች ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ አቆያየት ነው። ካልሳይት በዘመናት ብዛት እንደገና ይቀልጥና ይገነባል፤ ያኔ ቱቦዎቹ ጠፍተው ግድግዳው አንድ ወጥ ይመስላል። ፍሬው ወደ ሲሊካ ተለውጦ ከሆነም ቅርጹ አምሮ ይቆይና ግድግዳው ምንም አይናገርም። ቱቦ ስላላያችሁ ብቻ «የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ከዚያው ንጣፍ የተሻለ የቆየ ፍሬ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ምደባውን ከቤተሰብ ደረጃ አታውርዱት።

በሁለቱ ዓይነቶች መካከል የቆሙም አሉ። የካርቦኒፈረስ መጨረሻ አካባቢ ክፍል በሆነው በካሲሞቭያን ዘመን መጀመሪያ ገደማ የኖረው ፕሮትሪቲሳይትስ አሮጌውን የንብርብር አሠራር ይዞ ሳለ ቀዳዳዎች ማሳየት ይጀምራል። ዝግመተ ለውጡን በግድግዳው ላይ ቆማችሁ የምታዩት እዚህ ነው፤ በእኔ አስተያየት በፉሱሊኒድ ጥናት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ውብ ነገር የለም። ለመዳቢው ግን መከራ ነው፤ ተፈጥሮ ድንበር ባላሰመረችበት ቦታ ድንበር ማስመር አለበትና።

ደረጃ 5፦ ከፋይ ግድግዳዎች፣ ኮማታና መተላለፊያው

አሁን ወደ ውስጠኛው አሠራር እለፉ። እያንዳንዱ ክፍል ከቀጣዩ የሚለየው ሴፕታ በሚባሉ ከፋይ ግድግዳዎች ነው። በወገብ ቁራጭ ላይ ከመሃል ወደ ውጭ እንደ መንኮራኩር ዘንጎች ሆነው ይታያሉ፤ በየዙሩ መቁጠር የሚቻለውም እዚህ ነው። በዘንግ ቁራጭ ላይ ግን ሌላ ነገር ይነግሯችኋል፤ መሸብሸባቸውን።

ከፋይ ግድግዳው እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ከሆነ የዘንግ ቁራጩ አያገኘውም፤ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ይታያሉ። እንደ መጋረጃ የተሸበሸበ ከሆነ ግን ቁራጩ ሽብሽቡን ደጋግሞ ይቆርጠዋል፤ በየዙሩ ወለል ላይ ትናንሽ ቅስቶች ተደርድረው ይታያሉ። እንግዲህ ቅስቶቹ የት እንዳሉ ተመልከቱ። በትሪቲሳይትስ በሁለቱ ጫፎች ይሰበሰባሉ፤ መሃሉ ላይ ዝቅተኛ ናቸው ወይም የሉም። በሽቫገሪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉውን ርዝመት ይሞላሉ፤ ቁመታቸውም ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ የወገቡን አካባቢ እዩ። ከፋይ ግድግዳዎቹ በመሃላቸው፣ ከሥራቸው ተበስተው አንድ መተላለፊያ ይፈጠራል፤ ክፍሎቹ በእሱ ይገናኛሉ። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ወለሉ ላይ የተከመሩ ጠቆር ያሉ የካልሳይት ጉብታዎች አሉ፤ ኮማታ ይባላሉ፤ በግሪክኛ የተቆለለ አፈር ማለት ነው። በትሪቲሳይትስ ኮማታ ጎልቶ ይታያል፤ በአብዛኞቹ ዙሮች ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይከተላል። በሽቫገሪና ደካማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከውስጠኞቹ ዙሮች በኋላ ይጠፋል።

ከዚህ በተጨማሪ በዘንጉ አካባቢ ያሉት ክፍሎች በጠቆረ ካልሳይት ተሞልተው እንደሆነ አስተውሉ። በፍጡሩ የተሞላና ከሞተ በኋላ በድንጋዩ የተሞላ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ከዘንጉ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ሆኖ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ይደጋገማል።

ደረጃ 6፦ በየዙሩ መለካት

አንድ አጠቃላይ ርዝመትና ስፋት ብቻ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። ፍሬው የሞተው በስንተኛው ዙር እንደሆነ ካልታወቀ ሕፃን ከአዋቂ ጋር እየተነጻጸረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዙር ለብቻው ለኩ፦ ከመሃል እስከ ጫፍ ያለውን ግማሽ ርዝመት፣ ከመሃል እስከ ወገብ ያለውን ሬድየስ፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የመተላለፊያውን ማዕዘን፣ በወገብ ቁራጭ ላይ ደግሞ የከፋይ ግድግዳዎቹን ብዛት። የፕሮሎኩለስን የውጭ ስፋትም ጻፉ። ግማሽ ርዝመቱ ለሬድየሱ ሲካፈል የቅርጽ ምጣኔ ይባላል፤ ከፍ ሲል ፍሬው የቀጠነ፣ ወደ አንድ ሲጠጋ ክብ ነው።

ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ከመደርደር ባለፈ በግራፍ አስቀምጧቸው። አግድሙ የዙር ቁጥር፣ ቁመቱ ሬድየስ ይሁን። የትሪቲሳይትስ መስመር ያለ ድንገተኛ ዝላይ ይወጣል። ፕስዩዶሽቫገሪና የሚባለው ወገን ግን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጠበቅ ብሎ ይጠመጠምና ድንገት ይነፋል፤ መስመሩ ተሰብሮ ሽቅብ ይወጣል። ይህን አንድ ቁጥር ፈጽሞ አያሳይም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳተ ነገር አለ። ፎራሚኒፌራዎች በሁለት መንገድ ይራባሉ፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዝርያ ሁለት ዓይነት ዛጎል ይኖረዋል። ያለ ጾታ የተወለደው ትልቅ ፕሮሎኩለስ ይዞ ይነሳል፤ በጾታዊ ርቢ የተወለደው በጣም ትንሽ ፕሮሎኩለስ ይኖረዋል፤ ብዙ ዙር ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአቻው ይገዝፋል። ሁለተኛው ዓይነት በቁጥር አነስተኛ ነው። ከአንድ ንጣፍ ካወጣችኋቸው ብዙ ፍሬዎች መካከል ጥቂት ግዙፎች ፕሮሎኩለሳቸው ነጥብ አክላ ብታገኙ፣ አዲስ ዝርያ አገኘን ከማለታችሁ በፊት ግድግዳቸውንና ሽብሽባቸውን ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ። ኑሙላይትስ በተባሉት ሌሎች ፎራሚኒፌራዎች ጥናት ተመራማሪዎች ለአንድ ዝርያ ሁለት መልክ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሰጥተው ነበር።

ደረጃ 7፦ መወሰን

ያሰባሰባችሁትን ይዛችሁ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ጠይቁ። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፤ ግድግዳው ከቅርጹ ይቀድማልና።

ግድግዳው አራት ንብርብር ካለው ከትሪቲሳይትስ ቤተሰብ ውጭ ናችሁ። ሽብሽቡ በጫፎቹ ብቻ ተወስኖ ኮማታው ከገዘፈ ወደ ፉሱሊኔላ ሂዱ፤ ሽብሽቡ ሙሉውን ርዝመት ከያዘ በፉሱሊናና በቅርብ ዘመዶቹ አካባቢ ናችሁ።

ግድግዳው ቴክተምና ኬሪዮቴካ ከሆነ ጥምጥሙን ጠይቁ። ውስጡ ጠባብ ሆኖ ድንገት የሚነፋ ከሆነ ወደ ፕስዩዶሽቫገሪናና ወደ መሰሎቹ ነው። ጥምጥሙ እኩል የሚያድግ ከሆነ ሽብሽቡንና ኮማታውን አንድ ላይ መዝኑ። በጫፎች የተወሰነ ሽብሽብና ጎልቶ የሚከተል ኮማታ ካገኛችሁ ትሪቲሳይትስ ነው። ሙሉ ሽብሽብና ደካማ ኮማታ ከሆነ ሽቫገሪና ነው። ሽብሽቦቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነካክተው ከሥራቸው ትናንሽ ቦዮች ከፈጠሩ ደግሞ ወደ ፐርሚያኑ ፓራፉሱሊና ደርሳችኋል።

ከአንዱ መተላለፊያ ይልቅ ወለሉ ላይ ብዙ ቀዳዳዎች ተደርድረው ካያችሁ፣ በመካከለኛው ፐርሚያን የገነኑት የእነ ኒዮሽቫገሪና ወገኖች ናቸውና ከዚህ መንገድ ውጡ።

ዕድሜን የምትጠቀሙበት ከዚህ በኋላ ነው። ትሪቲሳይትስ ከካርቦኒፈረስ መጨረሻ፣ ከካሲሞቭያንና ከግዤልያን ዘመናት፣ እስከ ፐርሚያን መጀመሪያ ድረስ ኖሯል፤ በግምት ከ307 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ መሆኑ ነው። የደረሳችሁበት ወገን ከንጣፉ ዕድሜ ጋር ካልገጠመ ቁራጩን መልሳችሁ እዩ። ነገር ግን ዕድሜውን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ወገኑን እንዲስማማላችሁ አታድርጉ። የንጣፉ ዕድሜ ራሱ በፉሱሊኒዶች የተወሰነ ከሆነ በክብ እየዞራችሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ከስሙ ባለቤት ጋር ማነጻጸር

ፎራሚኒፌራዎች እንስሳት ባይሆኑም ስማቸው የሚተዳደረው በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት የወገን ስም የሚታሰረው በአንድ ዝርያ ላይ ነው፤ የዝርያው ስም ደግሞ በተወሰነ ናሙና ላይ። ትሪቲሳይትስ የታሰረው ሴይ በሰየመው «ሴካሊከስ» ላይ ነው። የእናንተ ፍሬ ትሪቲሳይትስ ይባል ዘንድ መምሰል ያለበት ያንን ዝርያ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በዚህ ስም ያተመውን ሥዕል መምሰሉ አይበቃም።

ልዩነቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሽቫገሪና ታሪክ ያሳያል። ቫለሪያን ፎን ሞለር በ1877 ይህን ወገን ሲያቆም መለያ ዝርያ ያደረገው የኤረንበርግን «ፕሪንሴፕስ» ነው፤ በሐሳቡ የነበሩት ግን እንደ ኳስ የተነፉ ፍሬዎች ነበሩ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ስሙ ለግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለተነፉት ፍሬዎች ሠራ። ካርል ደንባርና ጆን ስኪነር ግን የኤረንበርግን የራሱን ናሙናዎች መርምረው በ1936 ውጤቱን አወጡ፦ እውነተኛው «ፕሪንሴፕስ» የተነፋው ዓይነት አልነበረም፤ ሽብሽቡ ሙሉውን ርዝመት የያዘው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሽቫገሪና የሚለው ስም ወደ እነዚህ ዞረ፤ ለተነፉት ፕስዩዶሽቫገሪና የሚል አዲስ ስም ተሰጠ። ከ1936 በፊት የታተመ ጽሑፍ ላይ «ሽቫገሪና» የሚል ስታነቡ እንግዲህ የትኛውን እንደሚል ከሥዕሉ አረጋግጡ። በሶቪየት ኅብረት የነበሩ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላም በሞለር ትርጉም ስለቀጠሉበት ዓመቱ ብቻውን ዋስትና አይሆናችሁም።

አዲስ ወገን ለማቆም ብትገደዱ መለያ ዝርያውን በግልጽ መጥቀስ፣ ከሌሎች የሚለይበትን መጻፍና ስሙ ከዚህ በፊት ለማንኛውም እንስሳ አለመሰጠቱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ግን ልዩነቱ በብዙ ፍሬዎች፣ በሁለቱም የቁራጭ ዓይነቶች የሚደጋገም መሆኑን አሳዩ።

ደረጃ 9፦ በላይኞቹ ደረጃዎች ማስቀመጥና መጻፍ

ከወገን በላይ ያለው መሰላል ሲያጥር እንዲህ ነው፦ ክፍለ ስፍን ፎራሚኒፌራ፣ መደብ ፉሱሊናታ፣ ክፍለ መደብ ፉሱሊኒዳ፣ አስተኔ (እስካሁን ቤተሰብ ያልነው) ሽቫገሪኒዴ፣ ወገን ትሪቲሳይትስ። በ1960ዎቹ በሰፊው ይሠራበት የነበረው አመዳደብ ትሪቲሳይትስን ከፉሱሊኒዴ አስተኔ ሥር አድርጎት ነበር፤ አልፍሬድ ሎብሊክና ሄለን ታፓን በ1987 ባወጡት ሰፊ ሥራ ሽቫገሪኒዴ ራሱን ችሎ ቆሟል። የትኛውን እንደተከተላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ሕያዋኑ ፎራሚኒፌራዎች ዛሬ በዲኤንኤ ጭምር እየተመደቡ ነው፤ ፉሱሊኒዶች ግን ምንም ዲኤንኤ ስላልተረፈላቸው ከግድግዳቸውና ከቅርጻቸው ሌላ ምስክር የላቸውም።

ወገኑን አውቃችሁ ዝርያው ካልተለየ «ትሪቲሳይትስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። ከታወቀ ዝርያ ጋር የሚመሳሰል ግን በእርግጠኝነት የማይባል ከሆነ «ኮንፌር»፣ ለታወቀው ዝርያ ቅርብ ሆኖ ከእሱ የተለየ ከመሰላችሁ «አፊኒስ» የሚሉት የላቲን ቃላት ከዝርያው ስም ፊት ይገባሉ።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ መስታወት ጫፍ ላይ የናሙናውን ቁጥር፣ ንጣፉንና የቁራጩን አቅጣጫ በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፤ የታተሙትን ቁራጮች የሕዝብ ስብስብ ባለው ሙዚየም ወይም ተቋም አስቀምጡና ቁጥራቸውን በጽሑፉ ውስጥ አስገቡ። ደንባርና ስኪነር «ፕሪንሴፕስ»ን መልሰው ሊመረምሩ የቻሉት ኤረንበርግ የተጠቀመባቸው ፍሬዎች ከዘጠና ዓመት በኋላም ተጠብቀው ስለቆዩ ነው።